የዳኝነት ገንዘብ ሳይከፈልበት የተዘጋ ክስ እና ይርጋ

የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ስንማር የዳኝነት ገንዘብ ብዙም ጊዜ አይሰጠውም። መምህሩ ቁጥር 215ን ይጠቅሳሉ፤ እኛም «ከሳሽ ክስ ሲያቀርብ የተወሰነውን ክፍያ ይከፍላል» ብለን ደብተራችን ላይ እንጽፍና ወደ መጥሪያ አደራረስ እናልፋለን። ፈተና ላይም አይመጣም። ሬጅስትራር ክፍል መስኮት ላይ ለቆመ ሰው ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ክስ ምክንያትም ስለ ሥረ ነገር ሥልጣንም አይደለም። «ከፍለሻል ወይ?» የሚል ነው። ለተግባር ልምምድ በወጣሁባቸው ሳምንታት፣ እዚሁ ሐዋሳ መሃል ከተማ፣ ከማንኛውም የሕግ ቃል በላይ ደጋግሜ የሰማሁት ይህንኑ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዳኝነት ገንዘብ ይኑር ወይስ አይኑር የሚለውን ሰፊ ክርክር መክፈት አይደለም። ጥያቄዬ ጠበብ ያለ ነው፤ ክፍያው ባለመፈጸሙ ምክንያት ክሱ ቢዘጋና ከሳሽ ገንዘቡን አግኝቶ ሲመለስ የይርጋው ጊዜ አልፎ ቢገኝ፣ መብቱ አብሮ ቀረ ማለት ነው? በእኔ እምነት አልቀረም። ሆኖም መልሱ አንድ አንቀጽ ላይ ተጽፎ የሚገኝ ስላልሆነ፣ ከሥነ ሥርዓት ሕጉም ከፍትሐ ብሔር ሕጉም እየለቀምን መገንባት አለብን።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ምሳሌ ልፍጠር። አንዲት ሴት በአንድ ግቢ ጥግ ላይ ቁርስ ቤት አላት። ኅዳር 12 ቀን 2013 ዓ.ም. ከጎኗ ያለው ሕንፃ ግድግዳ ተንዶ ቤቱን ከነዕቃው ይደመስሰዋል። ምጣዱ፣ ማቀዝቀዣው፣ ወንበርና ጠረጴዛው ሁሉ ሲደመር ብር 180,000 ይሆናል። ሰው አልተጎዳም። የሕንፃው ባለቤት «ዛሬ ነገ» እያለ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀር፣ ጥቅምት 18 ቀን 2015 ዓ.ም. ክሷን ይዛ ትቀርባለች። የሚጠየቀው የዳኝነት ገንዘብ ብር 4,000 ነው እንበል። ስለሌላት በድሃ ደንብ ለመክሰስ እንዲፈቀድላት ታመለክታለች። ማጣራቱ ሁለት ወር ይፈጃል። ታኅሣሥ 20 ቀን ፍርድ ቤቱ «አመልካች በየቀኑ ሻይ እየሸጠች ገቢ ስለምታገኝ ድሃ ናት ለማለት አይቻልም» ብሎ ጥያቄዋን ይጥልና እስከ ጥር 5 እንድትከፍል ያዛል። አልሞላላትም፤ መዝገቡ ይዘጋል። የካቲት 16 ቀን 2015 ዓ.ም. ከዘመድም ከዕቁብም አሰባስባ፣ ሙሉውን ከፍላ፣ አዲስ ክስ ታቀርባለች። ተከሳሽም አንድ ገጽ መልስ ይዞ ይመጣል፤ ክሱ በይርጋ ታግዷል ይላል።

ምሳሌውን በንብረት ጉዳት ላይ የወሰንኩት ሆን ብዬ ነው። ከውል ውጭ ኃላፊነት በፍ/ብ/ሕ/ቁ. 2143 መሠረት በሁለት ዓመት ይርጋ ይታገዳል። ጉዳቱ የወንጀል ድርጊትም ሲሆንና የወንጀሉ ይርጋ ሲረዝም ግን የተጎጂው ጊዜ አብሮ እንደሚረዝም የዚሁ ቁጥር ሁለተኛ ንዑስ ቁጥር ይናገራል። ግድግዳው ሰው ላይ ወድቆ ቢሆን ኖሮ በዚያ መውጫ ማግኘት ይቻል ነበር። እዚህ ግን የለም። የሕንፃው ባለቤት ኃላፊነት (ቁ. 2077) ጥፋት እንኳ ማስረዳት የማይጠይቅ ስለሆነ በፍሬ ነገሩ ከሳሿ ጠንካራ ናት ማለት ይቻላል። የተከሳሽ ትልቁ መሣሪያ ይርጋ ነው።

የተዘጋው ምንድነው?

በመጀመሪያ የጥር 5 ትእዛዝ ምን ዓይነት ትእዛዝ እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። በፍርድ ቤት ቋንቋ «መዝገቡ ተዘግቷል»፣ «ክሱ ተሰርዟል»፣ «ክሱ ውድቅ ተደርጓል»፣ «አቤቱታውን አልተቀበልነውም» የሚሉት ሐረጎች አንዱ በሌላው ቦታ ሲነገሩ ይሰማል። ለባለጉዳዩ ሁሉም አንድ ናቸው፤ «ተባረርኩ» ብሎ ይወጣል። ለእኛ ግን ልዩነታቸው የትየለሌ ነው።

ሕጉ ከሳሽ ዳግመኛ እንዳይመለስ የሚዘጋባቸው በሮች የታወቁ ናቸው። አንዱ ቁጥር 5 ነው፤ ጉዳዩ በፍሬ ነገሩ ተሰምቶ በመጨረሻ ፍርድ ካለቀ እንደገና አይነሳም። ሌላው በቁጥር 73 እና 74 ያለው ነው፤ ተከሳሽ ቀርቦ ክዶ ከሳሽ ሳይቀርብ ሲቀር ክሱ ይሰረዛል፣ ከሳሽም በዚያው ምክንያት አዲስ ክስ ማቅረብ አይችልም፤ ያለው አማራጭ በቂ ምክንያት እንደነበረው አስረድቶ ስረዛውን ማስነሳት ነው። ሁለቱም ግን ለእኛ ጉዳይ አይሆኑም። የቁርስ ቤቷ ባለቤት ግድግዳው የማን እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደከሰረች አንድ ምስክር እንኳ አልተሰማላትም፤ ስለዚህ የመጨረሻ ፍርድ የሚባል ነገር የለም። ቀጠሮም አላጎደለችም። የመጣችው በቀጠሮዋ ቀን ነው፤ የጎደለው ገንዘቡ ነው። የቁጥር 74ን ቅጣት ክፍያ ወዳልፈጸመ ሰው መጎተት ሕግ አውጪው ያላለውን ማለት ይሆናል።

በሌላ በኩል በቁጥር 244(2) የተዘረዘሩትን የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያዎች እንይ። የሥልጣን አለመኖር፣ ቀድሞ የተፈረደ መሆን፣ በሌላ ፍርድ ቤት በመታየት ላይ መሆን፣ የተከራካሪ ችሎታ፣ አስቀድሞ ፈቃድ አለማግኘት፣ ይርጋ፣ የግልግል ወይም የዕርቅ ስምምነት አሉ። የዳኝነት ገንዘብ አለመከፈል ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ይህ ትርጉም ያለው ነገር ይመስለኛል። ክፍያው በከሳሽና በመንግሥት መካከል ያለ ጉዳይ ነው እንጂ ተከሳሽ የሚከላከልበት ጋሻ ተብሎ የተቀመጠ አይደለም። ተከሳሽ ጉድለቱን ለፍርድ ቤቱ ቢጠቁም ማንም አይከለክለውም፤ ከዚያ የሚገኝ የራሱ መብት ግን የለውም።

እንግዲህ የጥር 5 ትእዛዝ መብትን የወሰነ ሳይሆን በር ላይ የመለሰ ትእዛዝ ነው። ከሳሿ ተመልሳ መምጣት ትችላለች። እስከዚህ ድረስ ብዙ ሰው የሚስማማ ይመስለኛል። ጭቅጭቁ የሚጀምረው «ተመልሳ ስትመጣ ቀን የሚቆጠርላት ከየትኛው ነው?» ሲባል ነው።

ዳኝነት የሚለው ቃል

ወደዚያ ከመግባቴ በፊት ስለ ስሙ ትንሽ ልበል። ክፍያውን «የዳኝነት ገንዘብ» ወይም በአጭሩ «የዳኝነት» እንለዋለን። ቃሉ ከዘመናዊ ሕጋችን የሚቀድም ነው። በድሮው ሙግት ተሟጋቾች በማር፣ በፈረስ፣ በበቅሎ ይወራረዱ ነበር፤ ለዳኛውና ለመንግሥት የሚደርሰውም ከተረታው ወገን ነበር። ተሟጋች ወደ ክርክሩ የሚገባው ዋስ ጠርቶ ነው። ያም ሥርዓት ድሃን ያስጨንቅ ነበር፤ ናፍቆት የሚያሳድር ነገር የለውም። አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል፤ በሩ ላይ የሚጠየቀው ጥሬ ገንዘብ ሳይሆን ዋስ ነበር፣ ዋናው ክፍያም የሚመጣው ነገሩ ከተሰማ በኋላ ነበር። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለው ሰውም የሚያንገበግበው መረታቱ እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

በዘመናዊው ሥርዓት ክፍያው ወደ መጀመሪያው መጣ። የመጠኑን ነገር ለአሥርት ዓመታት ሲወስን የኖረው በ1945 ዓ.ም. የወጣው የሕግ ክፍል ማስታወቂያ ቁጥር 177 ነው፤ ከሥነ ሥርዓት ሕጉ ከራሱ በ13 ዓመት ይቀድማል። ሕጉ በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ በቁጥር 215 ክፍያውን ግዴታ አደረገ፤ ወዲያው ደግሞ ከቁጥር 467 እስከ 479 ድረስ ለማይችል ሰው ሌላ በር ከፈተ። ሁለቱን አብሮ ማንበብ ይገባል። አንዱን ሕግ፣ ሌላውን ልመና አድርጎ ማንበብ ስህተት ነው።

እዚህ ላይ «ድሃ» ማለት ማን እንደሆነ ብዙ ጊዜ ይዛነፋል። የሕጉ መለኪያ ሰውየው በዓለም ላይ ምንም የሌለው መሆኑ አይደለም፤ የተጠየቀውን የዳኝነት ገንዘብ ሙሉውን ወይም ከፊሉን ለመክፈል በቂ አቅም የሌለው መሆኑ ነው። ስለዚህ መልሱ በሰውየው ኪስና በክፍያው መጠን መካከል ባለው ርቀት ይለካል። ብር 50 መክፈል የሚችል ሰው ብር 4,000 መክፈል ይችላል ማለት አይደለም። ሻይ እየሸጠች የዕለት ጉርሷን የምታገኝ ሴት «ገቢ አላት» ተብላ ስትመለስ የተጠየቀው ጥያቄ የሕጉ ጥያቄ አልነበረም። በተጨማሪም የድህነት ማስረጃ ከቀበሌ አምጪ ሲባል፣ ቀበሌው የሚመሰክረው ስለ ሰውዬዋ አጠቃላይ ኑሮ እንጂ የክሱ ክፍያ ስንት እንደሆነ አውቆ አይደለም። ሁለቱን ማመዛዘን የዳኛው ሥራ ነው።

እግረ መንገዴን ስለ አንድ የተለመደ ምክር ላንሳ። ራፖር ጸሐፊዎችና አንዳንድ አዋቂ ነን ባዮች «የክሱን ገንዘብ ቀንሺው፣ ክፍያው ይቀንስልሻል» ይላሉ። ክፍያው መቀነሱ እውነት ነው። ግን ከሳሽ ከአንድ የክስ ምክንያት የሚመነጨውን ጥያቄ ጠቅልሎ ማቅረብ አለበት፤ ከፊሉን የተወ ሰው ለተወው ክፍል ኋላ ተመልሶ ሊከስ አይችልም። ብር 180,000 የከሰረች ሴት ለአንድ ሺህ ብር ክፍያ ብላ ብር 100,000 ትታ ትሄዳለች ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ የድሃ ደንቡን አጥብቆ መከራከር ይሻላል።

ይርጋው ተቋርጧል ወይስ አልተቋረጠም?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የፍ/ብ/ሕ/ቁ. 1851 ይርጋን የሚያቋርጡ ሁለት ነገሮችን ይዟል፤ ባለዕዳው ዕዳውን ማመኑና ባለገንዘቡ መብቱ እንዲታወቅለት ለፍርድ ቤት ክስ ማቅረቡ። ቁጥር 1852 ደግሞ ይርጋ በተቋረጠ ቁጥር አዲስ የይርጋ ዘመን ከዚያው ጀምሮ መቆጠር ይጀምራል ይላል። ድንጋጌዎቹ የተጻፉት በውል ክፍል ቢሆንም፣ ከውል ላልመነጩ ግዴታዎችም እንደሚሠሩ ቁጥር 1677 ስለሚደነግግ በእኛ ምሳሌም ያገለግላሉ። ስለዚህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ጥቅምት 18 ቀን የቀረበው፣ ያልተከፈለበት ክስና የድሃ ደንብ ማመልከቻ «ክስ ማቅረብ» ነው?

የተከሳሽ ጠበቃ የሚለው ይታወቃል። ክፍያ ሳይፈጸም መዝገብ አይከፈትም፤ መዝገብ ካልተከፈተ ክስ የለም፤ ክስ ከሌለ የሚቋረጥ ይርጋ የለም። ጥቅምት 18 የቀረበው ለመክሰስ ፈቃድ የሚጠይቅ ወረቀት ነው፣ ፈቃዱም ተከልክሏል። ሊናቅ የሚችል ክርክር አይደለም። ቀላልና የተያያዘ ነው፤ የችሎት ዳኛም ሥራ በዝቶበት ሳለ እንዲህ ያለ ክርክር ደስ ይለዋል።

እኔ የምቃወመው በሦስት መንገድ ነው። የመጀመሪያው የይርጋን ምክንያት መሠረት ያደረገ ነው። ይርጋ የተኛን ባለመብት የሚቀጣ፣ ባለዕዳንም ማብቂያ ከሌለው ሥጋት የሚገላግል ሥርዓት ነው። ጥቅምት 18 ቀን ክሷን ጽፋ፣ የንብረቷን ዝርዝር አያይዛ፣ ፍርድ ቤት የቀረበች ሴት ተኝታለች አይባልም። የድሃ ደንብ ማመልከቻ ደግሞ ባዶ ልመና አይደለም፤ በውስጡ የክስ አቤቱታ ሊይዝ የሚገባውን ሁሉ ይይዛል፣ ማን ማንን በምን ምክንያት ስንት ብር እንደሚጠይቅ። መብቷ እንዲታወቅላት ለፍርድ ቤት አቅርባለች ማለት ነው። ቁጥር 1851 ከዚህ በላይ ደረሰኝ ይያያዝ አይልም።

ሁለተኛው ክርክር ሕጉ ካልተናገረው ነገር የሚነሳ ነው። በ1804 የወጣው የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ክሱ በፎርም ጉድለት ፈራሽ ከሆነ ወይም ውድቅ ከተደረገ ወይም ከሳሽ ከተወው፣ ይርጋው እንዳልተቋረጠ ይቆጠራል የሚል ግልጽ ድንጋጌ ነበረው። የእኛን የ1952 ዓ.ም. ሕግ ያረቀቁት ሬኔ ዳቪድ የፈረንሳይ ሕግ መምህር ናቸው፤ ይህን ድንጋጌ ሳያውቁት ቀርተው አይደለም። የእኛ ቁጥር 1851 ግን እንዲህ ያለ ቅድመ ሁኔታ የለበትም። ከዝምታ የሚወጣ ክርክር ሁልጊዜ ባለ ሁለት ስለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ አንድ ሰው «ግልጽ ስለሆነ ነው ያልጻፉት» ሊለኝ ይችላል። ቢሆንም መብትን የሚያሳጣ ቅድመ ሁኔታ በትርጉም ሲጨመር ሸክሙ ጨማሪው ላይ መሆን አለበት።

ሦስተኛው ክርክር ለሥነ ሥርዓት ሕጋችን ቅርብ ዘመድ ከሆነው ከሕንድ ሕግ ይመጣል። የ1958ቱ ሕጋችን ከ1908ቱ የሕንድ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ብዙ መውሰዱን መቼም ሁላችንም ተምረናል፤ የድሃ ደንቡ ምዕራፍ ደግሞ ዝምድናው ጎልቶ ከሚታይባቸው አንዱ ነው። የሕንዱ ሕግ ቁጥር 149 ፍርድ ቤቱ ያልተከፈለ ክፍያ በማንኛውም ደረጃ እንዲከፈል ሊፈቅድ እንደሚችል ይደነግጋል፤ ሲከፈልም ሰነዱ ከመጀመሪያው ተከፍሎበት እንደነበረ ያህል ኃይል ይኖረዋል። የድሃ ደንብ ጥያቄ ውድቅ ሲሆን ምን ይደረግ የሚለው እዚያም አከራካሪ ሆኖ ሳይቆይ አልቀረም፤ በ1976 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው ማሻሻያ በትእዛዝ 33 ውስጥ ደንብ 15ሀ ተጨመረ። በዚህ ደንብ መሠረት ፍርድ ቤቱ ጥያቄውን ሲከለክል ለክፍያው ጊዜ ሊሰጥ ይችላል፤ በጊዜው ከተከፈለ ክሱ የድሃ ደንብ ማመልከቻው በቀረበበት ቀን እንደቀረበ ይቆጠራል። እኛ ሕጉን የወሰድነው ከማሻሻያው በፊት ስለሆነ ይህ ደንብ ሳይደርሰን ቀርቷል። አስገዳጅ አይደለም። የአንድ ቤተሰብ ሕግ ለተመሳሳይ ችግር የሰጠው መልስ ግን ለትርጉም ይረዳል።

አሜሪካኖችም በ1955 (እ.ኤ.አ.) ፓሪሲና ቴሌክሮን በሚባለው ጉዳይ ከዚህ የሚቀራረብ ነገር ገጥሟቸዋል። ይግባኝ ባይ ማስታወቂያውን በጊዜው አስገባ፤ አምስት ዶላሩን የከፈለው ግን ዘግይቶ ነው። የሥር ፍርድ ቤት ይግባኙ ጊዜው አልፏል አለ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ማስታወቂያው በጊዜ መድረሱ በቂ ነው፣ የክፍያው መዘግየት አያፈርሰውም ብሎ ሻረው። አምስት ዶላር! አንድ ሰው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የተከራከረበት።

በነዚህ ምክንያቶች ጥቅምት 18 ቀን ይርጋው ተቋርጧል ካልን፣ በቁጥር 1852 መሠረት አዲስ ሁለት ዓመት ከዚያ ይጀምራል። የካቲት 16 ቀን የቀረበው ክስ በአራተኛው ወር የቀረበ ነውና በይርጋ አይታገድም።

ሕገ መንግሥቱና የውጭ ፍርዶች

የሥነ ሥርዓት ሕጉ ሁለት ንባብ ሲኖረው የትኛውን እንያዝ ለሚለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37(1) ይመራናል። ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት አቅርቦ ውሳኔ የማግኘት መብት አለው። አንቀጽ 13(2) ደግሞ መሠረታዊ መብቶች ኢትዮጵያ ከተቀበለቻቸው ዓለም አቀፍ ሰነዶች ጋር በሚጣጣም መንገድ እንዲተረጎሙ ያዛል። እዚህ ላይ ተማሪዎች «አንቀጽ 37 ካለ የዳኝነት ገንዘብ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል» ወደማለት ይቸኩላሉ። አይመስለኝም። ክፍያው ብር ሳያወጡ ሰውን ፍርድ ቤት ለማመላለስ ብቻ የሚከስን ይገታል፤ «አሥር ሚሊዮን ብር ካሳ» እያሉ ገምቶ መጠየቅንም ያበርዳል። ያሸነፈ ከሳሽም በቁጥር 462 እና 463 መሠረት ከወጪና ኪሣራ ጋር ያስመልሰዋል። ችግሩ ክፍያው ከሰውየው አቅም ጋር ሳይመዛዘን በር ሲዘጋ ነው።

የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ክሮይዝና ፖላንድ በተባለው ጉዳይ ሰኔ 19 ቀን 2001 (እ.ኤ.አ.) የወሰነው ከእኛ ምሳሌ ጋር በጣም ይቀራረባል። አንድ ሰው የፕሎትስክን ከተማ አስተዳደር ከሰሰ። የተጠየቀው ክፍያ ከተቀነሰለት በኋላ እንኳ በዚያን ጊዜ ከነበረው አማካይ የዓመት ደመወዝ ጋር የሚስተካከል ነበር። አልከፈለም፤ የክስ አቤቱታው ተመለሰለት። ፍርድ ቤቱ የዳኝነት ክፍያ በራሱ መብትን አይጥስም አለ፤ ሆኖም መጠኑ ከአመልካቹ አቅምና ጉዳዩ ካለበት ደረጃ ጋር መመዛዘን ነበረበት፣ ክሱ ገና ከመነሻው መቋረጡም ፍርድ ቤት የመቅረብ መብቱን ነክቷል ሲል ወሰነ። የፖላንድ ዳኞች ሰውየው «ነጋዴ ነው፣ ሊያገኝ ይችላል» በሚል ግምት መሄዳቸውንም ነቅፏል። የእኛዋ ሻይ ሻጭ «ገቢ አላት» ከመባሏ ጋር አስተያዩት።

በእንግሊዝ ደግሞ ከሐምሌ 2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሥራ ክርክር ችሎቶች ክፍያ ማስከፈል ጀምረው ነበር፤ ለአንዳንድ ክሶች እስከ 1,200 ፓውንድ ይደርሳል። የክሱ ብዛት በሁለት ሦስተኛ ገደማ ወረደ። ዩኒሰን የተባለው የሠራተኞች ማኅበር ባቀረበው አቤቱታ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሐምሌ 26 ቀን 2017 ትእዛዙ ከመጀመሪያው ሕገ ወጥ ነው ብሎ አነሳው። በዚህ ረገድ የእኛ ሕግ ቀድሞ ሄዷል፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ መሠረት ሠራተኞችና የሠራተኛ ማኅበራት ለሚያቀርቡት ክስ የዳኝነት አይከፍሉም። ሕግ አውጪው በር ላይ ገንዘብ መጠየቅ ሰውን እንደሚመልስ ያውቃል ማለት ነው።

ፍርድ ቤቱ ምን ሊያደርግ ይችል ነበር?

ነገሩ ሁሉ ወደ ይርጋ ክርክር የገባው ታኅሣሥ 20 ቀን ጠባብ መንገድ ስለተመረጠ ነው። ያን ዕለት ቢያንስ ሁለት ሌሎች መንገዶች ነበሩ። አንደኛው ሕጉ ራሱ «ሙሉውን ወይም ከፊሉን» ስለሚል፣ አቅሟ የፈቀደውን ከፍላ በቀረው በድሃ ደንብ እንድትቀጥል ማድረግ። መንግሥት ገንዘቡን አያጣም፤ በድሃ ደንብ የከሰሰ ሰው ሲያሸንፍ ክፍያው ከተረታው ወገን ይሰበሰባል፣ ሲሸነፍም ከሳሹ ራሱ ሊጠየቅ ይችላል። ከድሮው ዋስ ጋር የሚመሳሰል ነገር ነው። ሁለተኛው ደግሞ ፍርድ ቤት ራሱ የሰጠውን ቀነ ገደብ በበቂ ምክንያት ማራዘም መቻሉ ነው። ጥር 5 ቀን የመጣችውን ሴት «አንድ ወር ጨምሬልሻለሁ» ቢላት ኖሮ መዝገቡ ሳይዘጋ ትከፍል ነበር፤ ይርጋም አይነሳም ነበር። መዝገብ በመዝጋት የተጠራቀመ ሥራ ይቀንሳል የሚለው አስተሳሰብ እዚህ ጋ አይሠራም፤ ያው መዝገብ በሌላ ቁጥር፣ ከአንድ ተጨማሪ ክርክር ጋር ተመልሶ መጥቷል።

ከሳሿስ? ጥር 5 ቀን የተሰጠው ትእዛዝ ያንን መዝገብ የጨረሰ ስለሆነ በ60 ቀን ውስጥ (ቁ. 323(2)) ይግባኝ ማለት ትችል ነበር። በሕግ ትምህርት ቤት መልስ ወረቀት ላይ ይህ ጥሩ ነጥብ ያሰጣል። ችግሩ የይግባኙም መዝገብ ቤት በር ላይ ያው ጥያቄ መኖሩ ነው። አዲስ ክስ መምረጧ የሚያስወቅሳት አይመስለኝም፤ ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ ሰው አጠገቧ ካለ ግን የይግባኙ 60 ቀን ሳያልቅ ሁለቱንም መንገድ አይቶ ቢመክራት ይሻላል።

ሁለት ተቃውሞዎች

ጽሑፉን ያሳየኋቸው ሁለት የክፍል ጓደኞቼ ተቃውመውኛል፤ ተቃውሟቸው ጥሩ ስለሆነ እዚሁ ላንሳው። አንደኛው «እንዲህ ከሆነ ማንም ሰው በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ላይ ያልተከፈለበት ወረቀት አስገብቶ ይርጋን እንደፈለገ ያራዝማላ!» አለ። የምከራከረው ግን ለማንኛውም ያልተከፈለበት ወረቀት አይደለም። ከነዝርዝሩ በፍርድ ቤት የቀረበ፣ ፍርድ ቤቱ ተቀብሎ የመረመረው፣ በቅን ልቦና የቀረበ የድሃ ደንብ ማመልከቻ ለሆነው ነው። መክፈል እየቻለ ሆን ብሎ ያልከፈለ ሰው ሲገኝ ዳኛው ከንብረት ዝርዝሩ ሊለየው ይችላል፤ የሐሰት ዝርዝር ማቅረብም መዘዝ አለው። ደግሞም ለይርጋ ማራዘሚያ ብሎ ሁለት ወር በማጣሪያ የሚንከራተት ባለ ገንዘብ ብዙ አይገኝም።

ሁለተኛዋ ያነሳችው የበለጠ ከበደኝ። ተከሳሹስ? መጥሪያ ያልደረሰው ሰው ሁለት ዓመት አልፎ «ነፃ ወጣሁ» ብሎ ከተቀመጠ በኋላ ሳያውቀው ይርጋው ተቋርጦበት ነበር ሊባል ነው? መልሴ ቁጥር 1851 ይርጋ የሚቋረጠው ተከሳሽ ሲያውቅ ነው አለማለቱ ነው። በትክክል የተከፈለበት ክስም ቢሆን በመጨረሻዋ ቀን ገብቶ መጥሪያው ከሁለት ወር በኋላ ሊደርስ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ይርጋው አልተቋረጠም የሚል የለም። የተከሳሽ ሥጋት ከክፍያው ጋር ሳይሆን ከመጥሪያ መዘግየት ጋር የተያያዘ ነው፤ መፍትሔውም የድሃ ደንብ ማጣራት ሁለት ወር እንዳይፈጅ ማድረግ ነው። እሷ ግን እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልተስማማችም፤ ክርክራችን ካፌ ውስጥ ቀጥሏል።

ይርጋን ፍርድ ቤት በራሱ አያነሳም (ፍ/ብ/ሕ/ቁ. 1856)፤ ተከሳሽ ካነሳው ደግሞ ከሳሽ መልስ መስጠት አለባት። ስለዚህ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ውስጥ ያለ ተማሪ ለዚች ሴት መልስ ሲያዘጋጅ «ይርጋው አላለፈም» ብሎ ባዶ መካድ አይበቃውም። የመጀመሪያው ማመልከቻ መዝገብ ቤት የገባበትን ቀን የሚያሳይ ማኅተም ያለበት ግልባጭ፣ የማጣሪያው ቀጠሮዎች የተመዘገቡበት ወረቀት፣ የታኅሣሥ 20 እና የጥር 5 ትእዛዞች፣ በመጨረሻም የየካቲት 16 ደረሰኝ አብረው መያያዝ አለባቸው። የመጀመሪያው መዝገብ ግልባጭ በእጇ ከሌለ፣ መዝገቡ ከመዝገብ ቤት ተፈልጎ እንዲቀርብላት በዚያው መልስ ላይ ትጠይቅ። ለግልባጩ የሚከፈል ገንዘብ ካለም አስቀድሞ መጠየቅ ነው።